ዴስክቶፕ ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ዊንዶውስም ራምም ተቀይሮ አልተወውም (ተፈትቷል)

ጥቁር_ስክሪን

ሰላም ለቤቱ። ዴስክቶፑ ምንም ሳያስጠነቅቅ ድርግም ብሎ ይጠፋል። አንዳንዴ በ10 ደቂቃ፣ አንዳንዴ 3 ሰዓት ሠርቶ። ዝርዝሩ ይኸው፦ ፕሮሰሰር ኮር አይ5 4590፣ ራም 8 ጊጋ (ባለ 4 ሁለት)፣ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ፣ ጂቲኤክስ 1650 የግራፊክስ ካርድ (ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልገው)፣ «500 ዋት» የሚል ፓወር ሳፕላይ፣ ዊንዶውስ 10። ቦታው አዲስ አበባ፣ በ650 ቪኤ ዩፒኤስ በኩል ነው የተሰካው።

እስካሁን ዊንዶውስ ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ ተጭኗል፣ ራሙ ተቀይሯል፣ አቧራውም በብሎወር ተነፍቷል። ለውጥ የለም። አሁን «ማዘርቦርዱ ነው» ተብሏል። ከመገዛቱ በፊት የምታውቁ እስቲ አንድ በሉ።

ፎርማት_ያድናል

ዊንዶውሱን ከሌላ ፍላሽ ጫነው፤ የመጀመሪያው ኮፒ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ድራይቨርም አፕዴት አድርግ።

ቮልቲሜትር

ፎርማት እዚህ ቦታ የለውም። ዊንዶውስ ሲታመም ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፣ ይደርቃል፣ ወይም ሥርዓቱን ጠብቆ ይዘጋል። ፋኑን በአንዴ ቀጥ አያደርግም። ማዘርቦርድም አትግዛ፤ መጀመሪያ የማሽኑን አሟሟት ንገረን። ሦስት ጥያቄ፦

ሲጠፋ ፋኑም መብራቱም አብረው ነው የሚጠፉት ወይስ ስክሪኑ ብቻ ጠቁሮ ፋኑ መሽከርከሩን ይቀጥላል? ከጠፋ በኋላ በራሱ ይነሣል ወይስ ጠፍቶ ይቀራል? ጠፍቶ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ፓወር በተኑን ነካ ስታደርገው ይነሣል ወይስ ገመዱን ነቅለህ ትንሽ ካልጠበቅህ እምቢ ይላል?

የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ስክሪኑ ጠቁሮ ፋኑ ከቀጠለ ኃይል አልተቋረጠም፤ ካርዱን፣ ድራይቨሩን ወይም ራሙን ነው የምናየው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ በራሱ ከተነሣ፣ ኃይሉ ለቅጽበት ተቆርጦ ተመልሷል፣ ወይም ፓወር ሳፕላዩ ለቦርዱ የሚልከው «ኃይሉ ደህና ነው» የሚለው ምልክት (ግራጫው ሽቦ) ወርዶ ቦርዱ ሪሴት ሆኗል። ጠፍቶ ቀርቶ ገመድ እስኪነቀል እምቢ ካለ ደግሞ የፓወር ሳፕላዩ መከላከያ ሰርኪዩት ተቆልፏል ማለት ነው። ቮልቴጁ ከልክ ሲወርድ ወይም ሲወጣ፣ አለዚያም ሾርት ሲገጥመው ራሱን ይቆልፋል። ቦርዱ ግን አሁንም የበራ እየመሰለው «ብራ» የሚለውን ትእዛዝ እንደያዘ ይቀራል። ለዚህ ነው በተኑን ነካ ማድረግ የማይበቃው፤ ወይ በተኑን 5 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፣ ወይ ገመዱን መንቀል ያስፈልጋል።

ከዚያ ኢቨንት ቪወርን (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን) ክፈት። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ቀጥሎ ሲስተም፤ በቀኝ በኩል «ፊልተር ከረንት ሎግ» በልና ቁጥሮቹን 41፣ 6008፣ 1074፣ 1001 አስገባ። 1074 ካየህ የሆነ ፕሮግራም ወይም አፕዴት አዝዞ ነው የዘጋው፤ የፕሮግራሙ ስም እዚያው ተጽፏል። 6008 «ሳይጠበቅ ተዘግቶ ነበር» ከማለት አያልፍም። ዋናው 41 ነው። ዲቴይልስ የሚለውን ከፍተህ ባግቼክ ኮድ ስንት እንደሆነ እይ። 0 ካልሆነ ከጀርባው ሰማያዊ ስክሪን አለ (ቁጥሩ የሚታየው በአሥርዮሽ ነው፤ ለምሳሌ 159 የድራይቨር የኃይል ችግር ነው)። 0 ከሆነ ዊንዶውስ ምንም ሳያይ ነው የሞተው። ፓወር በተን ታይምስታምፕ ከ0 የተለየ ከሆነ ደግሞ በተኑ ለረጅም ጊዜ ተጭኗል፤ ማንም ካልተጫነው በተኑ ተጣብቋል።

ፎርማት_ያድናል

ግን 41 «ከርነል ፓወር ኤረር» ነው የሚለው። ከርነል ደግሞ ዊንዶውስ ነው።

ቮልቲሜትር

41 የሚጻፈው ማሽኑ ተመልሶ ሲነሣ ነው ወንድሜ። «ባለፈው በሥርዓት አልተዘጋሁም» የሚል ማስታወሻ እንጂ ምክንያቱን አይነግርህም። ገመዱን ከግድግዳ ብትነቅለውም ያው 41 ይጻፋል።

ጥቁር_ስክሪን

መልሱ፦ ፋኑም መብራቱም እኩል ነው የሚጠፉት። በራሱ አይነሣም። ፓወር በተኑን ስነካው ዝም ይላል፤ ገመዱን ነቅዬ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ስጠብቅ ይነሣል። ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም፤ ከአምስቱ አንዱን ያህል ጊዜ ጠፍቶ ወዲያው በራሱ ይነሣል።

በኢቨንት ቪወር ባለፉት ሁለት ሳምንታት 23 ጊዜ 41 አለ። ሁሉም ላይ ባግቼክ 0፣ ታይምስታምፕም 0። 1074 የሚያሳየው በእጅ የተዘጋባቸውን ቀኖች ብቻ ነው።

የቦርድ_ሐኪም

ሁለት ዓይነት አሟሟት ካለ ሁለት ችግር ሊኖር እንደሚችል ከአሁኑ ያዙት። ብዙ ሰው አንዱን ያስተካክልና ሌላው ሲቀር «ጥገናው አልሠራም» ብሎ ወደ መነሻው ይመለሳል።

ጥቁር ስክሪን፣ ገመዱን ነቅለህ ኬዙን ክፈትና እነዚህን በዓይን እይልኝ። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ ንገረን። ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያመጣው ባለ 4 ቀዳዳ ሶኬት (ቢጫና ጥቁር ሽቦ ያለው) ፕላስቲኩ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ እንደሆነ ነቅለህ አረጋግጥ። እዚያ የላላ ፒን ካለ ይግላል፣ ሲግል ይበልጥ ይላላል፣ መጨረሻው መጥፋት ነው። የፕሮሰሰሩ ፋን አራቱም እግሮቹ ገብተው መቆለፋቸውን ከቦርዱ ጀርባ ማየት ይቻላል። አንዱ እግር ብቅ ካለ ሙቀት ማስተላለፊያው ዘመም ይልና ፕሮሰሰሩ በአንድ ወገን ብቻ ይነካዋል።

ቦርዱ ከኬዙ ወጥቶ የተመለሰ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ትርፍ የነሐስ ብሎን አለመቅረቱን እዩ። ቦርዱ ላይ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ የቆመ ብሎን ከሥር ያለውን መስመር ከኬዙ ጋር ሾርት ያደርገዋል፤ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር የሚጠፋ ማሽን ብዙ ጊዜ ይኼ ነው።

ከሁሉም በላይ የፓወር ሳፕላዩን ጎን አንብብና እንዳለ ጻፍልን። «500 ዋት» የሚለው ትልቁ ጽሑፍ አያስፈልገኝም፤ በሠንጠረዡ ውስጥ 12 ቮልት ከሚለው ሥር ስንት አምፔር ይላል?

ሰርቨር_ክፍል

ሙቀቱንም አትዝለሉት። ኤችደብሊውኢንፎን (ሙቀትና ኃይል የሚያነብ ፕሮግራም) አስነሥተህ «ሴንሰርስ ኦንሊ» ክፈት፣ ፖሊንጉን (በየስንት ጊዜው እንደሚያነብ) ከ2000 ወደ 500 ሚሊ ሰከንድ አውርድ፣ ከታች ሎግ የሚያደርገውን ምልክት ተጫንና እስኪጠፋ ሥራበት። ሲነሣ ፋይሉን በኤክሴል ክፈትና የመጨረሻዎቹን 20 መስመሮች እይ። ኮር ቴምፐሬቸር፣ የካርዱ ሙቀትና የካርዱ ፓወር ይበቁናል።

የ4590 ገደብ 100 ዲግሪ ነው። እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ ወዲያው አይጠፋም፤ ከዚያም አልፎ ከሄደ ቦርዱ ኃይሉን ይቆርጣል። ስለዚህ በሙቀት የሚጠፋ ማሽን ከመጥፋቱ በፊት ይንቀራፈፋል፣ ሎጉም ላይ 95፣ 98፣ 100 እያለ ሲወጣ ታየዋለህ። የመጨረሻው መስመር 62 ዲግሪ ከሆነ ሙቀትን ከተጠርጣሪ ዝርዝር ሰርዘው።

የአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ 70 ዲግሪ የሚል ማሽን እዚህ ጥቂት ዲግሪ ቢጨምር አትደንግጡ። የደረቀ ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) ግን መቀየር አለበት፤ አሮጌውን በአልኮል ጠርጎ መሐሉ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል ማድረግ ይበቃል። በዝቶ ዳር ዳሩን ቢፈስ የሚጨምረው ነገር የለም።

ጥቁር_ስክሪን

ካፓሲተሮቹ ደህና ናቸው፣ አራቱም እግር ተቆልፏል፣ ትርፍ ብሎን የለም። ባለ 4 ቀዳዳው ሶኬት ግን በአንደኛው ቢጫ ሽቦ በኩል ትንሽ ቡናማ ሆኗል፤ አልቀለጠም።

የፓወር ሳፕላዩ ጽሑፍ፦ 3.3 ቮልት 18 አምፔር፣ 5 ቮልት 20 አምፔር፣ 12 ቮልት 16 አምፔር።

ሎጉ ሁለት ጊዜ ተይዟል። የመጨረሻው መስመር በመጀመሪያው ኮር 64፣ ካርዱ 58 ዲግሪ። በሁለተኛው ኮር 59፣ ካርዱ 66።

የቦርድ_ሐኪም

በቃ፣ አንዱ ሌባ ተገኘ።

16 በ12 ሲባዛ 192 ዋት ነው። «500» የተባለው ሳጥን በዛሬ ማሽን ላይ የሚጠቅም 192 ዋት ብቻ አለው፤ እሱንም ካመንነው። የቀረው በ3.3 እና በ5 ቮልት የተደመረ ቁጥር ነው። የድሮ ማሽኖች ፕሮሰሰሩን ከ5 ቮልት ነበር የሚመግቡት፣ ያኔ ትርጉም ነበረው። ዛሬ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከ12 ነው።

አሁን ሒሳቡን ሥራ፦ 4590 በሙሉ ሥራ 84 ዋት፣ ጂቲኤክስ 1650 75 ዋት፣ ቦርድ፣ ራም፣ ሃርድ ዲስክና ፋኖች አንድ ላይ 30 እስከ 40። ድምሩ 200 አካባቢ። ሃርድ ዲስኩ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ከ12 ቮልቱ እስከ 2 አምፔር ተጨማሪ ይስባል። ካርዱ የኃይል ገመድ ስለሌለው «ቀላል ነው» ይባላል፤ ግን ያው 75 ዋት በማዘርቦርዱ በኩል ያልፋል እንጂ ከየትም አይመጣም።

ቮልቲሜትር

እህቴ ያለችው ልክ ነው፤ ግን ከመግዛቱ በፊት በቴስተር እናረጋግጠው። ማሽኑ እየሠራ ነው የሚለካው። ቴስተሩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርግ፣ ጥቁሩን ዘንግ ትርፍ በሆነ ባለ 4 ቀዳዳ ሶኬት (ሞሌክስ የሚባለው፣ የፕሮሰሰሩ አይደለም) ጥቁር ሽቦ ላይ፣ ቀዩን ዘንግ ቢጫው ላይ። ሁለቱ ዘንጎች እንዳይነካኩ ተጠንቀቅ። መጀመሪያ ዴስክቶፑ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ለካ። ከዚያ ፕራይም 95ን (ፕሮሰሰሩን በሙሉ ኃይል የሚያሠራ) እና ፈርማርክን (ካርዱን የሚያሠራ) አብረህ አስነሥተህ ለካ። ከ5 ደቂቃ በላይ አታቆየው፤ ደካማ ፓወር ሳፕላይ በዚህ ፈተና ጊዜ ሌላ ዕቃ ይዞ ሊሞት ይችላል።

የሚፈቀደው ልዩነት 5 ከመቶ ነው። ቢጫው ከ11.40 እስከ 12.60፣ ቀዩ ሽቦ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47። ቢጫው ሲወርድ ቀዩን ደግሞ ተመልከት። ርካሽ ፓወር ሳፕላዮች 12ቱንና 5ቱን በአንድ መቆጣጠሪያ ነው የሚያስተካክሉት፤ 12ቱ ላይ ጭነት ሲበዛ እሱ ይወርድና 5ቱ ይወጣል። ሁለቱ በተቃራኒ ሲሄዱ ካየህ ነገሩ አለቀ።

ባዮስ ውስጥ የሚታየውን ቮልቴጅ አትመነው። ባዮስ ላይ ጭነት የለም፣ ሴንሰሩም ሻካራ ነው። አረንጓዴና ጥቁር ሽቦ በወረቀት መያዣ አገናኝቶ «ፋኑ ዞረ፣ ደህና ነው» ማለትም ያው ነው፤ መነሣቱን እንጂ መሸከሙን አያሳይም።

ፓወር ሳፕላዩን ራሱን ግን አትክፈት። ውስጡ ያለው ትልቅ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ገመድ ከተነቀለ በኋላም ወዲያው አይወርድም።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ክሩን እየተከታተልኩ ነው፤ ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። ይነሣል፣ ትንሽ ሲሠራ ይጠፋል። ከኋላው ፓወር ሳፕላዩ ላይ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለ ነገር አለ፣ «230» ይላል። ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ቮልቲሜትር

ይያያዛል፣ መልስህም እሱ ነው። እዚያ ያለው 120 ቮልት ነው፤ ማብሪያው 230 ላይ ስላለ ፓወር ሳፕላዩ የሚፈልገውን ግማሽ ነው የሚያገኘው። ትንሽ ጭነት ሲመጣ ይወድቃል። ገመዱን ነቅለህ በካቻቢቴ ወደ 115 አዙረው።

የተገላቢጦሹ ነው የሚያስፈራው። ከዚያ ወደ አገር ቤት ማሽን የምትልኩ ሰዎች፣ 115 ላይ እንዳለ 220 ላይ ከተሰካ በአንዴ ይፈነዳል፤ ፊዩዙና ካፓሲተሩ አብረው ይሄዳሉ። ማብሪያ የሌላቸውና «100-240» የሚሉት ግን በሁለቱም አገር ይሠራሉ።

ጥቁር_ስክሪን

ልኬቱ፦

ያለ ሥራ፦ ቢጫ 11.88፣ ቀይ 5.09።
ፕራይም 95 ብቻ፦ ቢጫ 11.56፣ ቀይ 5.17።
ሁለቱም፦ ቢጫ 11.29፣ ቀይ 5.26፤ ከ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ በኋላ ጠፋ፣ ተቆለፈ።

ካርዱን አውጥቼ ስክሪኑን ቦርዱ ላይ ስሰካ በፕራይም 95 አምስቱንም ደቂቃ አልፏል።

የቦርድ_ሐኪም

ከዚህ በላይ ማስረጃ አይገኝም። ቢጫው ከ11.40 በታች፣ ቀዩ ከ5.25 በላይ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ። 4590 የራሱ ኤችዲ 4600 ግራፊክስ ስላለው አዲሱ እስኪመጣ ያለ ካርድ ልትሠራበት ትችላለህ።

ስትገዛ በሳጥኑ ላይ ያለውን ዋት ሳይሆን የ12 ቮልቱን አምፔር ጠይቅ። ላንተ 30 አምፔርና ከዚያ በላይ ያለው ይበቃል። «80 ፕላስ» የሚል የብቃት ምልክት ካለውና የ12 ቮልቱ ዋት ከጠቅላላው ጋር የተቀራረበ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። በእጅህም መዝነው፤ ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል 600 ዋት የለም። ያን ቡናማ የሆነውን ሶኬት በተመለከተ፣ የቦርዱ በኩል ያለውን ፒን በአልኮል ጠርገህ አዲሱን ገመድ እስኪቆልፍ ግፋው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ነቅለህ ደግመህ እየው፤ ካልጠቆረ ጉዳቱ የገመዱ በኩል ነበር።

ይህን የሚያነብ ስላሽ (ያገለገለ) የቢሮ ማሽን ያለው ሰው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት የቦርዱን ሶኬት ይቁጠር። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ባለ 8 ፒን፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ባለ 6 ፒን ነው፤ የተለመደው ባለ 24 ፒን ያለ አዳፕተር አይገባበትም። ትንሹ ኬዝ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ ራሱ በቦታው አይገጥምም።

ሰርቨር_ክፍል

እኔ ግን ያን «ከአምስቱ አንዱ» አልረሳሁትም። ተቆልፎ ሳይሆን በራሱ የሚነሣው። እሱ በየትኛው ሰዓት ነው የሚመጣው? የ41 መዝገቦችን ሰዓት ደርድርና አሳየን።

ጥቁር_ስክሪን

አዲሱ ከገባ 6 ቀን ሆኖታል፦ 450 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ፣ 12 ቮልት 36 አምፔር። በሙሉ ጭነት ቢጫው 11.98 ነው፣ ከዚያ አልወረደም። መቆለፍ የሚባለው ቀርቷል።

ሰርቨር ክፍል እንደጠረጠርከው ግን በ6 ቀን 3 ጊዜ ጠፍቶ ወዲያው ተነሥቷል። ሰዓቱ፦ ረቡዕ ጠዋት 3፡12፣ ረቡዕ 3፡47፣ ቅዳሜ 4፡05። ረቡዕና ቅዳሜ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው፤ ያስቃል ግን እውነት ነው። ከመጥፋቱ በፊት ዩፒኤሱ «ቀጭ» ይላል።

መስመር_ዘርጊ

አያስቅም፤ ይኼ የኔ ሠፈር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር። ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል? ካለ ቴስተሩን በኤሲ 600 ወይም 750 ላይ አድርገህ ዩፒኤሱ የሚሰካበትን ሶኬት ለካ፤ ምጣዱ ጠፍቶ፣ ከዚያ በርቶ። ሽቦው ጤናማ ከሆነ ከ10 ቮልት ብዙ መውረድ የለበትም። 30 ቮልት ከወረደ የላላ መጋጠሚያ ወይም ቀጭን ሽቦ አለ። አንድ የላላ ብሎን 1 ኦም ቢጨምር በ16 አምፔር 16 ቮልት ይበላል፤ እዚያው ቦታ 256 ዋት ሙቀት ይወጣል። ኮምፒውተሩን ተወው፣ ቤት የሚያቃጥለው እሱ ነው። ብሬከሩ ላይና ምጣዱ ሶኬት ላይ የጠቆረ ፕላስቲክ ካያችሁ ኃይሉን ከዋናው አጥፍታችሁ ባለሙያ አስጠብቁት።

ምጣድና ኮምፒውተር በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት የለባቸውም። ምጣድ ጭራሽ በዲቫይደር አይሰካም።

ቮልቲሜትር

የዩፒኤሱ «ቀጭ» ሪሌው ነው፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ወይ ከፍ ወደሚያደርገው ትራንስፎርመር፣ ወይ ወደ ባትሪ ይቀይራል። ቅያሬው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ያልቃል፤ ደህና ፓወር ሳፕላይ ደግሞ በሙሉ ጭነት 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያለ ኃይል ይቆያል። ስለዚህ በመርህ ደረጃ ማሽኑ ሊያውቀው አይገባም። ካወቀው፣ ባትሪው ሞቷል ማለት ነው፦ ሪሌው ወደ ባትሪ ይቀይራል፣ ባትሪው አይሸከምም፣ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ከዚያ መስመሩ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ይነሣል፤ ባዮስ ውስጥ «ኤሲ ሪከቨሪ» የሚለው «ላስት ስቴት» ወይም «ፓወር ኦን» ላይ ስለሆነ።

ባትሪውን እንዲህ ፈትን። ዩፒኤሱን 8 ሰዓት ያህል ቻርጅ አድርግ፣ ኮምፒውተሩን ከሱ ነቅለህ ባለ 100 ዋት አምፖል (ክር ያለውን፣ ኤልኢዲ ሳይሆን) ስካበት፣ ከግድግዳ ንቀል። ወዲያው ከጠፋ መልሱ ተገኘ። ዩፒኤሱን ከፍተህ ባትሪውን መለካት ከቻልክ፣ ሞልቶ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.7 አካባቢ ያሳያል። ዩፒኤሱን ግን ከግድግዳ ነቅለህ፣ አጥፍተህ ብቻ ክፈት።

ትንሽ ባትሪ ላይ ያለው ጫና ቀላል አይደለም። 200 ዋት ለማውጣት ከ12 ቮልት ባትሪ 20 አምፔር በላይ ይሳባል፤ ባትሪው ደግሞ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው ዕድሜው፤ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ሠፈር ከዚያም ያንሳል።

ፎርማት_ያድናል

ስታብላይዘር ቢገዛስ? ከዩፒኤሱ በኋላ ቢያደርገው አይረጋም?

መስመር_ዘርጊ

ከኋላ በፍጹም። የርካሽ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ሲሆን የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ የሠራ ነው፤ የስታብላይዘር ትራንስፎርመር ሲመጣበት ይጮኻል፣ ይግላል። ስታብላይዘር ካስፈለገ ከግድግዳው ቀጥሎ፣ ከዩፒኤሱ በፊት ነው። እዚህ ቤት ግን የላላው ነገር ካልተጠበቀ ስታብላይዘሩም ቀኑን ሙሉ «ቀጭ ቀጭ» ሲል ይውላል።

ሰርቨር_ክፍል

ሌዘር ፕሪንተርም ዩፒኤሱ ላይ ካለ አውርደው። ሲሞቅ የሚስበው የማሽኑን ብዙ እጥፍ ነው።

ጥቁር_ስክሪን

ውጤት። ሶኬቱ ምጣዱ ሲጠፋ 219፣ ሲበራ 184 ቮልት። ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ አርፎ 12.1፤ አምፖሉ ሲሰካበት ዩፒኤሱ 4 ሰከንድ ቆይቶ ጠፋ። ባትሪው ላይ የተጻፈው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ ጎኑም አብጧል።

ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የኑዩትራል (የመመለሻው መስመር) ብሎኑን ልል አገኘው፤ ሽፋኑ ቀልጧል። ጫፉ ተቆርጦ እንደ አዲስ ተጠብቋል። አሁን ምጣዱ ሲበራ 211። ባትሪው በተመሳሳይ መጠን ተቀይሯል፤ አምፖሉን 19 ደቂቃ ይዟል።

የቦርድ_ሐኪም

ኑዩትራል መሆኑ ጥሩ ጊዜ ላይ ተደረሰበት። አሮጌውን ፓወር ሳፕላይ ለሰው ከመስጠትህ በፊት «500» የሚለውን ጽሑፍ በማርከር ሰርዘህ «190» ብለህ ጻፍበት። ያለ ካርድ ለሚሠራ የቢሮ ማሽን ለጊዜው ያገለግላል። የባለ 4 ቀዳዳው ሶኬት የጠቆረበት ገመድ ግን አያገለግልም፤ ፓወር ሳፕላዩን ሳትከፍት ከውጭ ያለውን ሶኬት ቆርጠህ አስቀይረው፣ ካልሆነ አትስጠው።

ጥቁር_ስክሪን

እሺ። ሶኬቱን የነቀልኩት ዛሬ ነው፣ አንድ ሳምንት አልፎታል፤ አዲሱ አልጠቆረም። ረቡዕና ቅዳሜ ምጣዱ ላይ ሆኖ ማሽኑ ከጠዋት እስከ ማታ ሠርቷል። አዲስ 41 የለም። ርእሱን «ተፈትቷል» አድርጌዋለሁ።